ሲኦል፣ እንቅልፍና ትንሣኤ፦ የሞትና የሕያውነት አስተሳሰብ በመጽሐፍ ቅዱስና በቤተ ክርስቲያን ታሪክ

በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 9 ቁጥር 5 ላይ ሙታን አንዳች እንደማያውቁ ተጽፏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ደግሞ ሞቶ የተቀበረ አንድ ባለጸጋ በሥቃይ ውስጥ ሆኖ ያያል፤ ያለፈ ሕይወቱን ያስታውሳል፤ ውኃ ይለምናል፤ በምድር ስለቀሩት ወንድሞቹም ይጨነቃል። በሃይማኖት ንጽጽር ንግግሮች ላይ እነዚህን ሁለት ምንባቦች ጎን ለጎን አቅርቦ «መጽሐፉ እርስ በርሱ ይጋጫል» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ድምዳሜው አድማጭን ያስደስት ይሆናል፤ ዕውቀትን ግን ብዙም አይጨምርም። ምንባቦቹ መቼ፣ በማን፣ ለማን ተጻፉ? ክርስቲያኖችስ ልዩነቱን ባለፉት ዘመናት እንዴት ተረዱት? እነዚህን ጥያቄዎች ያልመረመረ ተከራካሪ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ወደ ራሱ ሲመለስ መልስ ያጣል።

የኡሱል ዑለማ ሁለት ማስረጃዎች የሚጋጩ ሲመስሉ የሚከተሉትን ሥርዓት መምህራን ያውቁታል። አብዛኞቹ መጀመሪያ ሁለቱን ለማስታረቅ ይሞክራሉ፤ ያ ካልሆነ የጊዜ ቅደም ተከተላቸውን አይተው ነስኽን ይመረምራሉ፤ ቀጥሎም ተርጂሕ፣ ማለትም አንዱን በማስረጃ ማመዛዘን ይመጣል። ይህ ሥርዓት የሌሎችን መጻሕፍት ስናነብም ይጠቅመናል። ልዩነቱ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ በተለያዩ እጆች የተጻፉ መጻሕፍት ስብስብ በመሆኑ፣ የጊዜ ጥያቄው ከሁሉ ቀድሞ መነሣቱ ነው።

የሲኦል ጥንታዊ ትርጉም

ዛሬ በአማርኛ «ሲኦል» ስንል የኃጥአን የቅጣት ስፍራ ወደ አእምሯችን ይመጣል። ቃሉ ከዕብራይስጡ «ሼኦል» ጋር አንድ ነው፤ በዕብራይስጥ መጻሕፍት ውስጥ ግን መልካሙም ክፉውም የሚወርድበት የሙታን ማደሪያ ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ልጁ በአውሬ ተበላ ተብሎ በተነገረው ጊዜ፣ እያዘነ ወደ ልጁ ወደ ሼኦል እንደሚወርድ ይናገራል። ቃሉን በዛሬ ትርጉሙ የወሰደ አንባቢ፣ አንድ ነቢይ ወደ ቅጣት ስፍራ መውረዱን ተናገረ ወደሚል ስሕተት ይወድቃል። የዕብራይስጡ ሼኦል ጨለማና ዝምታ እንጂ እሳት የለበትም።

በመዝሙር ምዕራፍ 6 ጸሎተኛው፣ በሼኦል ፈጣሪን የሚያመሰግን እንደሌለ ጠቅሶ ከሞት እንዲድን ይማጸናል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ንጉሥ ሕዝቅያስ ከሕመሙ ሲፈወስ ይህንኑ ሐሳብ ያነሣል። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 14 የተቆረጠ ዛፍ ዳግም የማቆጥቆጥ ተስፋ ሲኖረው፣ ሰው ግን ተኝቶ እንደማይነሣ በምሬት ይነገራል። እነዚህ ምንባቦች የጸሎትና የእንጉርጉሮ ቃሎች ናቸው። ተናጋሪዎቹ በሞት አፋፍ ላይ ቆመው ዕድሜ የሚለምኑ ሰዎች መሆናቸው ካልታየ፣ ንግግራቸው የአቂዳ ድንጋጌ ይመስላል።

መጽሐፈ መክብብም በራሱ ውስጥ ሁለት ድምፅ አለው። በምዕራፍ 3 የሰውና የእንስሳ ዕጣ አንድ መሆኑን ይናገራል፤ የሰው መንፈስ ወደ ላይ መውጣቱን ማን እንደሚያውቅም ይጠይቃል። በምዕራፍ 12 ግን አፈር ወደ ምድር፣ መንፈስም ወደ ሰጪው ወደ አምላክ እንደሚመለስ ይገልጻል። በሌላ በኩል በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 28 ንጉሥ ሳኦል በዓይንዶር ወደምትኖር ሙታን ጠሪ ሴት ሲሄድ፣ የሞተው ሳሙኤል ተነሥቶ ያናግረዋል፤ ዕረፍቱ በመታወኩም ይወቅሰዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ሙታንን መጠየቅን አጥብቆ መከልከሉም፣ ከሞት በኋላ አንዳች ነገር ይቀራል የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ መኖሩን ያመለክታል። የሌለን ነገር ማንም አይከለክልምና።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገርም አለ። የዕብራይስጡ «ኔፌሽ»፣ የግእዙ «ነፍስ»ና የዐረብኛው «ነፍስ» የአንድ ሥር ቃሎች ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሰው ሕያው ኔፌሽ ሆነ ሲባል፣ ቃሉ ሙሉውን ሰው፣ እስትንፋሱንና ሕይወቱን ያመለክታል። መጻሕፍቱ ከሦስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት ጀምሮ ወደ ግሪክኛ ሲተረጎሙ «ኔፌሽ» በአብዛኛው «ፕሲኬ» ተባለ። ይህ የግሪክ ቃል በአፍላጦን ትምህርት ውስጥ ከሥጋ በፊት የነበረችና የማትሞት ነፍስን የሚገልጽ ሆኖ ቆይቷል። ቃሉ ሲሻገር ትርጉሙም አብሮት ተሻገረ። ከዚያ በኋላ የተነሡት ብዙ ክርክሮች ከዚህ መሻገሪያ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የትንሣኤ ተስፋ በስደት ዘመን

እ.ኤ.አ. ከ167 ቅድመ ልደት ጀምሮ የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ፤ የሙሳን ሕግ የሚጠብቁትንም በሞት ቀጣ። ሕግን መጠበቅ ረጅም ዕድሜን ያስገኛል የሚለው የቀድሞ ማጽናኛ በዚህ ጊዜ በቂ አልሆነም፤ የሚገደሉት ሕግ ጠባቂዎቹ ነበሩና። ብዙ የዘመናችን ተመራማሪዎች የትንቢተ ዳንኤልን የመጨረሻ ምዕራፎች በዚህ ዘመን ያስቀምጧቸዋል። በምዕራፍ 12 በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች ነቅተው ከፊሎቹ ወደ ዘላለም ሕይወት፣ ከፊሎቹ ወደ ኀፍረት እንደሚሄዱ ተገልጿል። በግሪክኛው መጽሐፈ መቃብያን ካልዕ ምዕራፍ 7 ሰባት ወንድማማቾች በእናታቸው ፊት ሲሠቃዩ፣ የሚቆረጠውን አካላቸውን ፈጣሪ እንደሚመልስላቸው ይናገራሉ። ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሚታወቁት የመቃብያን መጻሕፍት ጋር በስም እንጂ በይዘት አንድ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በግሪክኛ የተጻፈው መጽሐፈ ጥበብ ደግሞ በምዕራፍ 3 የጻድቃን ነፍሳት በአምላክ እጅ እንዳሉና የሞቱ የሚመስሉት ለሰነፎች ብቻ እንደሆነ ያስተምራል። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሁለት ተስፋዎች ጎን ለጎን ቆሙ፦ አንዱ የሥጋ ትንሣኤ፣ ሌላው የነፍስ አለመሞት።

ሙስሊም አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ ተገቢ ነው። ቁርኣን በሱረቱል አዕላ መጨረሻ የአኺራ ዜና በኢብራሂምና በሙሳ ጽሑፎች ውስጥ እንደነበረ ይነግረናል፤ በሱረቱ ጣሃ ቁጥር 15ም ሙሳ (ዐ.ሰ) የሰዓቲቱ መምጣት ተነግሮታል። ታዲያ የትንሣኤ እምነት በስደት ዘመን ተጀመረ ማለት እንችላለን? ታሪክ ጸሐፊው የሚለካው ዛሬ በእጅ የሚገኘውን ጽሑፍ ነው። ነቢያት ያስተማሩት ሁሉ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቋል ብሎ ማረጋገጥ የእርሱ ሥራ አይደለም፤ እኛም እንዲህ አናምንም። ስለዚህ «በዕብራይስጥ መጻሕፍት ውስጥ ዘግይቶ በግልጽ ታየ» ማለት «ከዚያ በፊት አልተገለጠም» ማለት እንዳልሆነ መምህሩ ለተማሪው ሊያስረዳ ይገባል።

የሐዲስ ኪዳን ሁለት ድምፆች

በመጀመሪያው መቶ ዓመት አይሁድ በዚህ ጉዳይ ተከፋፍለው ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 እንደሚለው ሰዱቃውያን ትንሣኤን፣ መላእክትንና መንፈስን ሲክዱ፣ ፈሪሳውያን ሁሉንም ይቀበሉ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም ሰዱቃውያን ነፍስ ከሞት በኋላ ትኖራለች የሚለውን አለመቀበላቸውን ዘግቧል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ሰዱቃውያን ስለ ትንሣኤ ሲጠይቁት፣ ኢየሱስ (ዒሳ ዐ.ሰ) የኢብራሂም፣ የኢስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የሕያዋን አምላክ መሆኑን በማስረጃነት ያቀርባል።

እ.ኤ.አ. በ50 አካባቢ እንደተጻፈ የሚታመነው የጳውሎስ የመጀመሪያው የተሰሎንቄ መልእክት ሙታንን «ያንቀላፉ» ይላቸዋል፤ ተስፋቸውንም በመሲሑ ዳግም መምጣትና በትንሣኤ ላይ ያኖራል። በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 15 ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ትንሣኤ ከሌለ ያንቀላፉት ጠፍተዋል ይላል። ነፍስ በራሷ የማትሞት ብትሆን ይህ አነጋገር ለመረዳት ያስቸግራል። ይኸው ጸሐፊ ግን በፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ 1 ከዚህ ዓለም ተለይቶ ከመሲሑ ጋር መሆንን ይመኛል፤ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5ም ከሥጋ መለየትን በጌታ ዘንድ ከመኖር ጋር ያያይዛል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ከኢየሱስ ጋር የተሰቀለው ሰው በዚያው ቀን ገነትን እንደሚያይ ይነገረዋል። «ዛሬ» የሚለው ቃል ከንግግሩ ጋር ነው ወይስ ከተስፋው ጋር የሚያያዘው የሚለው ግን፣ ጥንታዊዎቹ የግሪክ ጽሑፎች በሥርዓት ነጥብ ስለማይለዩ፣ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሰው ነፍስን መግደል እንደማይችል ገልጾ፣ አምላክ ግን ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም ሊያጠፋ እንደሚችል ያክላል። የመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 6 ደግሞ አለመሞት የአምላክ ብቻ ባሕርይ መሆኑን ይናገራል።

በዐረብ ምድር የተነሣው ክርክር

በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኖረው ሰማዕቱ ዮስጦስ ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ባደረገው ክርክር ውስጥ፣ ትንሣኤን ክደው «ነፍሳችን በሞትን ጊዜ ወደ ሰማይ ትወሰዳለች» የሚሉትን ክርስቲያን ብሎ መቁጠር እንደማይገባ ጽፏል። ደቀ መዝሙሩ ታትያኖስም ነፍስ በራሷ ከሞት የተጠበቀች አለመሆኗን አስተምሯል። በኋለኛው ዘመን የብዙ ክርስቲያኖች የዕለት እምነት የሆነውን ነገር፣ እነዚህ ቀደምት መምህራን በጥርጣሬ ያዩት ነበር።

ለእኛ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በስድስተኛው መጽሐፉ የዘገበው ጉዳይ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ የሮሙ ንጉሥ ፊልጶስ ዐረባዊ በነገሠበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 244-249) አካባቢ፣ በዐረብ ምድር የነበሩ ክርስቲያኖች የሰው ነፍስ ከሥጋ ጋር ትሞታለች፣ በትንሣኤ ቀንም ከሥጋ ጋር አብራ ትነሣለች ብለው ያስተምሩ ነበር። ብዙ ሰዎች የተገኙበት ጉባኤ ተጠራ፤ እስክንድርያዊው ሊቅ ኦሪጀንስ ተጋብዞ ተናገረ፤ ሰዎቹም ሐሳባቸውን ለወጡ ይላል ዘጋቢው። ይህ «ዐረብ» የሮም ግዛት የነበረው ክፍል ሲሆን ዋና ከተማው ቡስራ ነበረች፤ በሲራ መጻሕፍት መነኩሴው በሒራ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ያየባት ከተማ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 ከካይሮ አቅራቢያ ቱራ በተባለ ስፍራ የተገኘ የፓፒረስ ጽሑፍ ኦሪጀንስ ከሄራቅሊደስና ከሌሎች ጋር ያደረገውን ውይይት ይዟል። በዚያ ነፍስ ደም ናትን የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው ከኦሪት ዘሌዋውያን የመነጨ ነው። ኦሪጀንስ «ሞት» የሚለው ቃል ሦስት ትርጉም እንዳለው ይመልሳል፦ ለኃጢአት መሞት፣ ከአምላክ በመራቅ መሞትና የሥጋ ሞት። ነፍስ የማትሞተው በሦስተኛው ትርጉም ብቻ ነው ይላል። ይህ ቃልን በመተንተን ማስታረቅ፣ በእኛ ዑለማ አጠራር «ጀምዕ» የሚባለው ነው።

እንቅልፍና መንቃት

የነፍስ እንቅልፍ ሐሳብ በሱርያ ቋንቋ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ዘንድ ጠንክሮ ቆየ። በአራተኛው መቶ ዓመት በፋርስ ግዛት የጻፈው አፍራሃጥ፣ ሙታን እስከ ትንሣኤ በእንቅልፍ እንደሚቆዩ አስተምሯል። የኤፌሶን ሰባቱ አንቀላፊዎች ትረካም ከዚሁ ዓለም ጋር ይገናኛል። በክርስቲያኖች ትረካ ወጣቶቹ የነቁት በንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዳግማዊ (እ.ኤ.አ. 408-450) ዘመን፣ የሥጋን ትንሣኤ የሚክዱ ሰዎች ተነሥተው ሳሉ ነው። ሱረቱል ከህፍ በቁጥር 21 የዋሻው ሰዎች የተገለጡት የአላህ ቀጠሮ እውነት መሆኑና ሰዓቲቱ የማታጠራጥር መሆኗ እንዲታወቅ ነው ይለናል። ቁርኣን የቁጥራቸውን ክርክር ወደ ጎን ትቶ የትንሣኤውን ማስረጃ ማጉላቱን፣ ይህን ታሪክ ያወቀ መምህር በተሻለ ይረዳዋል።

በምዕራብም ጉዳዩ እንደተዘጋ አልቆየም። የሮሙ ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ እ.ኤ.አ. ከ1331 ጀምሮ ባደረጓቸው ስብከቶች የጻድቃን ነፍሳት ከፍርድ ቀን በፊት አምላክን ፊት ለፊት አያዩም አሉ፤ ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠማቸው በ1334 ሊሞቱ ሲሉ ሐሳባቸውን ተዉ። ተከታያቸው በነዲክቶስ 12ኛ በ1336 ተቃራኒውን ደነገጉ። የላተራን አምስተኛ ጉባኤ በ1513 የነፍስን አለመሞት በድንጋጌ አጸና። በ1516 ግን ጣሊያናዊው ፈላስፋ ፖምፖናዚ ይህ በአመክንዮ ሊረጋገጥ አይችልም የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በተሐድሶው ዘመን ሉተር ሞትን በእንቅልፍ እየመሰለ ሲናገር፣ ካልቪን የነፍስ እንቅልፍን የሚቃወም መጽሐፍ በ1542 አወጣ። በ1955 ኦስካር ኩልማን የተባለው የሐዲስ ኪዳን ሊቅ በሃርቫርድ ባቀረበው ንግግር፣ የነፍስ አለመሞት የግሪኮች፣ የሙታን ትንሣኤ ደግሞ የሐዲስ ኪዳን ተስፋ ነው ብሎ ብዙ ክርስቲያኖችን አስቆጣ።

የሄኖክ መጽሐፍና አገራችን

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅዱሳት መጻሕፍቷ ውስጥ የምትቆጥረው መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉነቱ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የተገኙት የአራማይክ ቁራጮች ጥንታዊነቱን አረጋግጠዋል፤ የመጀመሪያውን ክፍል ተመራማሪዎች በሦስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት ያስቀምጡታል። በምዕራፍ 22 የሙታን መንፈሶች እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩባቸው የተለያዩ ስፍራዎች ተገልጸዋል፤ ለጻድቃን የውኃ ምንጭ ያለበት ስፍራ አለ፤ የተገደለው የአቤል መንፈስም ይከሳል። በመክብብና በሄኖክ መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው፤ ሁለቱንም በአንድነት የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን መክብብን በሄኖክ ብርሃን ታነባለች።

ስለዚህ «ክርስትና እንዲህ ይላል» ብሎ በአንድ ቃል መናገር በአገራችን አያስኬድም። የኦርቶዶክስ አማኝ የሙታን ትንሣኤን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ አድርጎ ይማራል፤ ነፍስ በሕይወት እንዳለች ስለሚያምንም ፍትሐት ያስደርጋል፣ በአርባኛው ቀን ተዝካር ያወጣል። አብዛኞቹ የወንጌላውያን አማኞች ነፍስ ወዲያውኑ ወደ ጌታ ትሄዳለች ሲሉ ለሙታን መጸለይን አይቀበሉም። አድቬንቲስቶች ሙታን እስከ ትንሣኤ ያለ ንቃት ያርፋሉ ይላሉ። የመክብብ ምዕራፍ 9 ጥቅስ ለአድቬንቲስቱ የእምነቱ መሠረት ነው፤ ለኦርቶዶክሱ ግን አስቀድሞ መልስ የተሰጠበት ጥያቄ ነው። ይህን ሳያውቅ ጥቅሱን የሚወረውር ተከራካሪ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው በሌላ ሰው እምነት ይከሰዋል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

በበድር ዕለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉድጓድ የተጣሉትን የቁረይሽ ሙታን እንዳናገሩና ሙታኑ እንደሚሰሙ እንደተናገሩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን ይህን ዘገባ ሲሰሙ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያሉት ሙታኑ አሁን እውነቱን ያውቃሉ ማለት ነው በማለት፣ ሙታንን ማሰማት እንደማይቻል የሚገልጸውን የቁርኣን አንቀጽ በማስረጃነት አቀረቡ። ኢብን ሐዝም (456 ዓ.ሂ. የሞቱ) በቀብር የሚደረገው ጥያቄ ለነፍስ ብቻ ነው፣ ነፍስ ወደ ሥጋ የምትመለሰው በቂያማ ነው አሉ፤ ኢብኑል ቀይም (751 ዓ.ሂ. የሞቱ) በኪታቡር ሩሕ ይህን ተቃወሙ። ሩሕ ትሞታለች ወይ ለሚለው ጥያቄም፣ ሞት ከሥጋ መለየት ከሆነ ትቀምሰዋለች፣ ፈጽሞ መጥፋት ከሆነ ግን አትሞትም ሲሉ ቃሉን ከፍለው መለሱ። አል-ገዛሊ በተሃፉት አል-ፈላሲፋ የሥጋን ትንሣኤ በሚክዱ ፈላስፎች ላይ ያሳለፉት ፍርድም የታወቀ ነው። አንድ ሰው የሱረቱ ፋጢርን ቁጥር 22 ከበድር ሐዲስ ጎን አስቀምጦ «ይጋጫሉ» ቢለን፣ የአንቀጹን አውድና የዑለማን ማብራሪያ እንዲሰማ እንጠይቀዋለን። ይህ ከእኛም ይጠበቃል። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 8 የሰዎች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያርቀን አዞናልና።

ይህ ማለት ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ የተለያዩ ዘመናት እጆችም ይታዩበታል፤ ይህንንም በግልጽና በጨዋነት መናገር የመምህር መብቱም ግዴታውም ነው። ነገር ግን ከልዩነቱ ሥር የሚፈሰውን ጥያቄ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል፦ የሰው ተስፋ ያለው በነፍሱ ባሕርይ ነው ወይስ በፈጣሪው ሥራ? ዮስጦስ፣ የዐረብ ምድር ክርስቲያኖችና አፍራሃጥ፣ በሌላው ሁሉ ቢለያዩም፣ ተስፋቸውን በሁለተኛው ላይ አኑረዋል። ቁርኣንም ለከሓዲው የሚመልሰው ነፍስ አትሞትም በማለት አይደለም። በሱረቱ ያሲን መጨረሻ የበሰበሰውን አጥንት ማን ሕያው ያደርገዋል ለሚለው፣ መጀመሪያ የፈጠረው ጌታ የሚል መልስ ይሰጣል፤ በሱረቱል ቀሰስ መጨረሻም ከአላህ በቀር ሁሉም ጠፊ መሆኑን ያስታውሳል።

ኢማሞቻችን ጎረቤት ሲሞት ለቅሶ ይደርሳሉ፤ መምህራኖቻችን በአንድ መንደር ከሌላ እምነት ልጆች ጋር የሚውሉ ተማሪዎችን ያስተምራሉ። በእነዚያ ስፍራዎች ስለ ሞት የሚነገር ቃል ሐዘንተኛ ጆሮ ላይ ይወድቃል። የጎረቤቱን እምነት በትክክል የሚያውቅ፣ የራሱንም በማስረጃ የሚይዝ ሰው፣ በዚያ ሰዓት የሚናገረውንና የሚተወውን ይለያል። ወላሁ አዕለም።